ከአጎቴ የወረስኳቸው የበረራ መታሰቢያ ጠርሙሶች፦ ይጠጣሉ? ይሸጣሉ? ወይስ ይቀመጣሉ?

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦

«አጎቴ የአውሮፕላን ቴክኒሽያን ነበር። ባለፈው ዓመት አረፈ። ከዕቃዎቹ መካከል አንድ ካርቶን ጠርሙስ ለእኔ ደረሰኝ። አንዱ አትላንቲክን ብቻውን ሳያርፍ በበረረው በአብራሪው በሊንድበርግ አውሮፕላን ቅርጽ የተሠራ ሴራሚክ ነው። ‹1927–1977› ይላል። ውስጡ የአሜሪካ ዊስኪ አለ። ማኅተሙ አልተነካም፣ ግን ሲነቀነቅ ግማሽ የቀረው ይመስላል። ሁለተኛው የሊንድበርግ ፎቶ የተለጠፈበት ባዶ የዊስኪ ጠርሙስ ነው። አጎቴ በጣም ይወደው ነበር። በ1927 በራሱ፣ በበረራው ሰሞን አሜሪካ ውስጥ የተሠራ ነው ይል ነበር። ሦስተኛው የራይት ወንድማማቾች የመጀመሪያውን የአውሮፕላን በረራ ያደረጉበትን 75ኛ ዓመት የሚያስታውስ የለስላሳ ጠርሙስ ነው፤ ቆርኪው አልተከፈተም። የሆላንዱ አየር መንገድ ኬኤልኤም የሚሰጣቸው አምስት ትንንሽ የሸክላ ቤቶችም አሉ። ይጠጣሉ? ባዶ ላድርጋቸው? ዋጋስ አላቸው?»

የአጎትዎን ነፍስ ይማር። ካርቶኑን ሳይጥሉ በመጠየቅዎ ደስ ብሎኛል። እንዲህ ያለ ካርቶን ብዙ ጊዜ ሰው ሳያየው ቆሻሻ ላይ ነው የሚያልቀው። ከዚህ በታች የምጽፋቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ የሚያስቸኩለውን ልበል። ሴራሚኩ ውስጥ ያለውን ዊስኪ አይጠጡ። ለቅምሻም ቢሆን አይሞክሩት። ለእንግዳም አይቅዱ።

ምክንያቱ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ነው። ሴራሚክ የሚያብረቀርቀው ላዩ ላይ ተቀብቶ በእሳት በሚጠበስ ቅብ ነው። በዚያ ዘመን ብዙ ቅቦችና ቀለሞች ውስጥ እርሳስ ይገባ ነበር። ሳህን ላይ ምግብ ቢቆይ ግማሽ ሰዓት ነው። ጠርሙስ ውስጥ ግን መጠጡ ከቅቡ ጋር ለዓመታት ተነካክቶ ይኖራል። በዚህ ጊዜ ሁሉ እርሳሱ ቀስ እያለ ወደ መጠጡ ይገባል። ሽታ የለውም። ጣዕምም የለውም። ማፍላትም አያስወግደውም። ሁሉም የሴራሚክ ጠርሙስ እርሳስ ይለቃል አልልም። የሚለቀውን ከማይለቀው በዓይን መለየት ግን አይቻልም። ስለዚህ እኔ ሁሉንም እንደሚለቅ አድርጌ ነው የምይዘው።

ግማሹ የት ሄደ? ማንም አልሰረቀውም፤ አጎትዎም አልጠጡትም። ቡሹ ነው። ቡሽ በዓመታት ውስጥ ይደርቃል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። አልኮሉ በዚያች ክፍተት ይተናል። ማኅተሙ ወረቀት ስለሆነ ይህን አያቆመውም። ሁለተኛም መንገድ አለ። ቅቡ ውስጥ ለውስጥ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ካለው መጠጡ በሸክላው ውስጥ ሰርጎ ይወጣል። ጠርሙሱን አንሥተው ታቹን በጣትዎ ይንኩት። የሚያጣብቅ ከሆነ ወይም ቡናማ እድፍ ካለው እየሰረገ ነው ማለት ነው።

ባዶ ላድርገው ወይ ላሉት፣ ሴራሚኩን አዎ። አንዳንድ ሰብሳቢዎች በዚህ አይስማሙም። ማኅተሙ ያልተነካ ጠርሙስ ይበልጣል ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ግን ይህ ለመስታወት ጠርሙስ ነው። እየሰረገ ያለ ሴራሚክ ራሱን ያበላሻል። የተቀመጠበትን ካርቶንና አጠገቡ ያለውንም ጭምር ያበላሻል።

ከመክፈትዎ በፊት ግን ማኅተሙን ከአራቱም በኩል ፎቶ ያንሡት። ከዚያ ወረቀቱን አይቅደዱ። በቀጭን ስለት አንድ ጎኑን ብቻ ቆርጠው ሌላው ጎን እንደተጣበቀ ይተዉት። ቡሹን አዙረው አዙረው በቀስታ ይሳቡ። ከተሰበረ ይሰበር። በኃይል ወደ ውስጥ አይግፉት። እኔ ከብዙ ዓመት በፊት በባሉን ቅርጽ የተሠራ ጠርሙስ ቡሹ ተሰብሮብኝ በካቻቢቴ ገፋሁት። አንገቱ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። ያ ጠርሙስ ዛሬም መደርደሪያዬ ላይ አለ፣ ስንጥቁን ወደ ግድግዳው አዙሬዋለሁ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ከተከፈተ በኋላ ለብ ባለ ውሃ አለቅልቀው ዘቅዝቀው ያድርቁት። ወርቃማ መስመር ካለው በስፖንጅ አይፈትጉት። ወርቁ ከቅቡ በላይ ስለሚቀባ በቀላሉ ይለቃል። የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥማ ጭራሽ አይታሰብም።

አሁን ወደምወደው ነገር እንምጣ። ጠርሙሱን ይገልብጡት። የቆየ ሰብሳቢ ጠርሙስ ሲሰጡት ከፊቱ በፊት ታቹን ነው የሚያየው። ፊቱ ላይ ያለው ዓመት የበዓሉ ዓመት ነው። የተሠራበትን ጊዜ የሚናገረው ታቹና ወረቀቱ ነው።

የአሜሪካ ዊስኪ ጠርሙስ በዚህ ረገድ ደግ ነው። መንግሥት ባወጣቸው ሕጎች ብቻ ዕድሜውን ማወቅ ይቻላል። መጠኑ «4/5 ኳርት» ከተባለ (ኳርት የአሜሪካ የፈሳሽ መለኪያ ነው) ከ1980 በፊት ነው። ከዚያ በኋላ 750 ሚሊ ሊትር መሆን ግዴታ ሆነ። በቡሹ ላይ የሚያልፈው የግብር ወረቀት በ1985 ቀረ። ለነፍሰ ጡሮች የሚያስጠነቅቀው የመንግሥት ጽሑፍ ግዴታ የሆነው በኖቬምበር 1989 ነው። የሴራሚኩ ጠርሙስ ላይ የግብር ወረቀቱ ካለ፣ ማስጠንቀቂያው ከሌለ፣ መጠኑም በኳርት ከሆነ፣ 1977 የሚለው ጽሑፍ የሚታመን ነው። በ1977 ሁለቱም መለኪያ ይሠራ ስለነበር 750 ሚሊ ሊትር ቢልም አይደንግጡ።

ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ጠርሙስ በብዛት ይሠራ ነበር። ዊስኪ ሠሪው ጂም ቢም ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሪጋል ቻይና በተባለ ፋብሪካ የሴራሚክ ጠርሙስ ያሠራ ነበር። እዝራ ብሩክስና ሌሎችም ተከተሉ። መኪናው፣ ባቡሩ፣ ወፉ፣ አውሮፕላኑ፣ ያልተሠራ ቅርጽ የለም። ሰው የሚገዛው ለዊስኪው ሳይሆን ለጠርሙሱ ነበር።

የሴራሚኩን ቅርጽም በደንብ ይዩት። የሊንድበርግ አውሮፕላን «ስፒሪት ኦፍ ሴንት ሉዊስ» ፊት ለፊት መስኮት የለውም። ዋናው የነዳጅ ታንክ ከአብራሪው ፊት ነበር የተቀመጠው። ወደ ፊት ለማየት ሊንድበርግ ፔሪስኮፕ (በመስተዋት የሚያሳይ ቱቦ) ይጠቀም ነበር፤ አለዚያም አውሮፕላኑን ወደ ጎን አዘንብሎ በጎን መስኮት ያይ ነበር። እንዲህ አድርጎ ነው ከኒው ዮርክ ፓሪስ 33 ሰዓት ተኩል የበረረው፣ ሜይ 20 እና 21 ቀን 1927። ክንፉ ላይ ያለው መለያ ኤን-ኤክስ-211 ነው። ጠርሙሱ አፍንጫው ላይ መስኮት ካለው ሠሪው አውሮፕላኑን በደንብ አላየውም። ዋሽንግተን ውስጥ በስሚዝሶንያን የአየርና የጠፈር ሙዚየም ተሰቅሎ ለማንም ይታያል፤ ስለዚህ ሰበብ የለውም። መስኮቱ ተደፍኖ መለያው ትክክል ሆኖ ካገኙት ግን የሠሪውን እጅ ያመሰግኑ። እንዲህ ያለውን ሳይ እኔ ልቤ ይሞቃል።

ጽሑፉንም ያንብቡ። «አትላንቲክን ያቋረጠ የመጀመሪያው ሰው» ካለ ተሳስቷል። አልኮክና ብራውን በጁን 1919 ከኒውፋውንድላንድ ተነሥተው ሳያርፉ አየርላንድ ደርሰዋል። ሊንድበርግ የመጀመሪያ የሆነው ብቻውን ሳያርፍ በማቋረጡ ነው። በመታሰቢያ ጠርሙስ ላይ ይህ ስሕተት አዲስ ነገር አይደለም። የፎርጅድ ምልክትም አይደለም። ጽሑፉን ያወጣው ሰው እንደቸኮለ ብቻ ነው የሚያሳየው።

ስለ ሁለተኛው ጠርሙስ የምለው ይከብደኛል፤ አጎትዎ የወደዱት እሱን ነውና። ግን እውነቱን ልንገርዎ።

በ1927 አሜሪካ ውስጥ መጠጥ ክልክል ነበር። ክልከላው በጃንዋሪ 1920 ጀምሮ እስከ ዲሴምበር 1933 ቆየ። በሐኪም ትዕዛዝ ከፋርማሲ ከሚሸጥ ዊስኪ በቀር በሕግ የሚሸጥ ዊስኪ አልነበረም። ሊንድበርግ ፓሪስ ሲያርፍ ዓለም ሁሉ ጨፈረ። የአገሩ ሰዎች ግን በግልጽ ብርጭቆ ማንሣት አይችሉም ነበር። በዚያ ዓመት ፎቶውን ለጥፎ ዊስኪ በአደባባይ የሚሸጥ የአሜሪካ ፋብሪካ ሊኖር አይችልም። የ1927 መታሰቢያ ነው የሚባል የፈረንሳይ ሻምፓኝ ቢያሳዩኝ ተቀምጬ አያለሁ። የአሜሪካ ዊስኪ ከሆነ ግን ገና ከሩቅ እጠረጥራለሁ።

አሁን ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ያዙሩት። ትከሻው ወይም ጀርባው ላይ በመስታወቱ ላይ ጎላ ብሎ የወጣ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይፈልጉ። ትርጉሙ «የፌዴራል ሕግ ይህን ጠርሙስ መሸጥም ሆነ ዳግም መጠቀም ይከለክላል» ማለት ነው። ክልከላው ከተነሣ በኋላ ሕገወጥ ነጋዴዎች ባዶ ጠርሙስ ሰብስበው የራሳቸውን አረቄ እንዳይሞሉበት የወጣ ሕግ ነው። ከ1935 እስከ 1964 ድረስ በዊስኪ ጠርሙሶች ላይ ግዴታ ነበር። ይህን ካገኙ ጠርሙሱ የዚያ ዘመን ነው። ወረቀቱ ደግሞ ከዚያ በኋላ የተለጠፈ ሊሆን ይችላል። የወረቀቱን ጠርዝ በማጉያ መነጽር ይዩት። ሥዕሉ በጥቃቅን ባለ ቀለም ነጥቦች የተሠራ ከሆነ በኋለኛው ዘመን ማተሚያ የታተመ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ከሥሩ የሌላ ወረቀት ሙጫ ካለ ደግሞ ጠርሙሱ በፊት ሌላ ስም ነበረው።

አጎትዎ ዋሹ ማለቴ አይደለም። የሸጠላቸው ሰው የነገራቸውን ነው የነገሩዎት። እኔም እንዲህ ተብዬ የገዛሁት አለኝ። ጠርሙሱን አይጣሉት። ትክክለኛ ዘመኑን በወረቀት ጽፈው አጠገቡ ያስቀምጡት፤ አጎትዎ ይወዱት እንደነበርም አብረው ይጻፉ።

የለስላሳውን ቶሎ እንለፈው። የራይት ወንድማማቾች የመጀመሪያ በረራ ዲሴምበር 17 ቀን 1903 ስለነበር 75ኛው ዓመት 1978 ነው፤ ቁጥሩ ይገጥማል። መስታወት ላይ ያለው ቀለም በእሳት የተጠበሰ ስለሆነ በእርጥብ ጨርቅ ቢጠርጉት አይለቅም። ቆርኪው እንደተዘጋ ይተዉት። መስታወት ከሴራሚክ ይለያል፣ የያዘውን አያሰርግም። ፍሪዘር ውስጥ አያስገቡት፣ ይፈነዳል። ፀሐይ ላይም አይተዉት። ፈሳሹ በአንገቱ ዝቅ ቢል ወይም ቆርኪው ቢዝግ አያሳስብዎት፤ በዚህ ዕድሜ የሚጠበቅ ነው። ብቻ አይጠጡት።

ሥዕሉን ግን ይዩት። የራይቶች አውሮፕላን ጎማ አልነበረውም፤ ከሐዲድ ላይ ተንሸራቶ ነው የተነሣው። አብራሪው ተቀምጦ ሳይሆን በሆዱ ተኝቶ ነበር። ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ክንፍ ከኋላ ሳይሆን ከፊት ነው። ሠዓሊው እነዚህን ሦስቱን ካላሳተ ጎበዝ ነው። ያ በረራ 12 ሰከንድ ቆየ፣ 36 ሜትር ተኩል ያህል ተጓዘ። ከአንድ ቦይንግ 747 ርዝመት ያነሰ ነው። እኔ ስለዚህ ሳስብ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ቦታው ኪቲ ሆክ ተብሎ ቢጻፍ ስሕተት ብለው አይጣሉት። በረራው የተደረገው ከዚያ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ኪል ዴቭል ሂልስ ላይ ነው፤ ዓለም ግን በኪቲ ሆክ ስም ነው የሚያውቀው።

አሁን ቤቶቹ። በካርቶኑ ውስጥ እኔን ያስደሰቱኝ እነሱ ናቸው። እርስዎ መጨረሻ ላይ ነው የጻፏቸው።

ኬኤልኤም ቤቶቹን ለተሳፋሪ መስጠት የጀመረው በ1952 ነው። ውስጣቸው ቦልስ የተባለው የሆላንድ ጠማቂ ያዘጋጀው ጄኔቨር አለ። ጄኔቨር ከጥድ ፍሬ ጋር የሚሠራ መጠጥ ነው፣ ጂን የተወለደው ከእሱ ነው። ቤቶቹ በሆላንድ በእውን ያሉ ሕንፃዎች ትንንሽ ቅጂዎች ናቸው። መጠጡ በጣሪያው በኩል ይገባና በቡሽና በሰም ይታሸጋል።

ለምን በቤት ቅርጽ? በዚያ ዘመን አየር መንገዶች ለተሳፋሪ የሚሰጡት ስጦታ ዋጋ በደንብ ተወስኖ ነበር። እንደሚተረከው ተፎካካሪዎች ቅሬታ አቀረቡ። ኬኤልኤም የመለሰው ይህ ስጦታ አይደለም፣ መጠጥ ነው ብሎ ነው። መጠጥ በብርጭቆ ብቻ ይቅረብ የሚል ሕግ የለም አለ።

ዋናው ነገር ግን ቁጥሩ ነው። ኬኤልኤም የተመሠረተው ኦክቶበር 7 ቀን 1919 ነው። በ1994 ኩባንያው 75 ዓመት ሲሞላው የቤቶቹን ቁጥር ከዕድሜው ጋር አስተካከለ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በልደቱ ቀን አንድ አዲስ ቤት ይወጣል። ቤት ቁጥር 100 በ2019 ወጣ፤ ሁይስ ቴን ቦስ የተባለው ቤተ መንግሥት ነው። ስለዚህ ሒሳቡ ቀላል ነው። የቤቱ ቁጥር ከ75 በላይ ከሆነ 1919 ይደምሩበት። ቁጥር 83 ካለዎት 2002 ነው። ከ75 በታች ላሉት ይህ አይሠራም፤ እነሱ በየዓመቱ አንድ እየሆኑ አልወጡም፣ ተደጋግመውም ተሠርተዋል።

ልዩነቱን ልብ ይበሉ። የሴራሚኩ አውሮፕላን ስለ በረራ የተሠራ ጠርሙስ ነው። እሱ ራሱ ግን ከሱቅ መደርደሪያ ላይ ነው የተገዛው። ቤቶቹ አውሮፕላን ላይ ተጭነው፣ ውቅያኖስ አቋርጠው፣ በአስተናጋጅ እጅ ለአንድ ተሳፋሪ የተሰጡ ናቸው። መልካቸው የመንደር ቤት ነው፣ ክንፍ የላቸውም። የበረሩት ግን እነሱ ናቸው። እኔ ለበረረ ዕቃ የተለየ ቦታ አለኝ።

ባዶ የሆነ ቤት ካለ ተበላሽቷል አይበሉ። ብዙዎቹ በቡሹ በኩል ተነው ያለቁ ናቸው። አልኮል ወደማይገባባቸው አገሮች በሚሄዱ በረራዎች ላይ ባዶ ሆነው የተሰጡም አሉ። ሰሙን አይፋቁ። ቆመው ይቀመጡ፣ አይጋደሙ። ወይን ይጋደማል፤ ጠንካራ መጠጥ ሲጋደም ግን አልኮሉ ቡሹን ይበላዋል። በውስጣቸው የቀረ ካለም እንዲሁ ይቅር፤ ከዓመታት በኋላ ከእነሱም አልጠጣም።

ዋጋ አላቸው ወይ ላሉት፣ አብዛኞቹ የመታሰቢያ ጠርሙሶች ብዙ አያወጡም። ይህን ስል ቅር እንደሚልዎ አውቃለሁ። ግን ምክንያቱን ይዩት። እንዲሰበሰቡ ተብለው በብዛት ተሠሩ። የገዛቸው ሁሉ ነገ ይወደዳሉ ብሎ አስቀመጣቸው። ስለዚህ ብዙዎቹ ሳይሰበሩ ቀሩ። ብርቅ የሚሆነው ሰው የሚጥለው ነገር ነው፤ ሁሉም የሚያስቀምጠው ነገር ብርቅ አይሆንም። የተሻለ የሚሸጠው የመጀመሪያው ካርቶኑ ያለ፣ ያልተሰነጠቀ፣ ወርቁ ያልለቀቀ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከማን፣ መቼ፣ በየትኛው በረራ እንደመጣ ማስረጃ ያለው ነው። የአጎትዎ የበረራ ትኬት፣ ደብዳቤ፣ ወይም ከቤቶቹ ጋር የተነሡት ፎቶ ካለ ከቤቱ ጋር ያኑሩት። ያ ወረቀት ከጠርሙሱ ይበልጣል።

መሸጥ ከፈለጉ ሌላም ነገር አለ። በብዙ አገር መጠጥ ያለበትን ጠርሙስ ያለ ፈቃድ መሸጥ አይቻልም። ብዙ ፖስታ ቤቶችም አይቀበሉትም። በአውሮፕላን ለመውሰድ ካሰቡ ደግሞ አልኮሉ ከ24 እስከ 70 በመቶ የሆነ መጠጥ በሻንጣ የሚገባው በሱቅ እሽጉ ሆኖ እስከ 5 ሊትር ነው። በእጅ ሻንጣ በአንድ ዕቃ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ በአብዛኛው አይፈቀድም። ሕጉን ቢያልፉ እንኳ ቡሹ አያሳልፍዎትም። አውሮፕላን በከፍታ ሲበር ውስጡ ያለው አየር በ2,400 ሜትር ተራራ ላይ እንዳለው ይሳሳል። ግፊቱ በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ይሆናል። በጠርሙሱ ውስጥ የታሰረው አየር ያን ጊዜ ይሰፋና ፈሳሹን በደረቀው ቡሽ በኩል ይገፋዋል። ሲያርፉ ልብስዎ ዊስኪ ዊስኪ ይሸታል። ባዶውን ሴራሚክ ግን በፎጣ ጠቅልለው በእጅዎ ይዘው መሄድ ይችላሉ።

የአምስቱን ቤቶች ቁጥርና የሴራሚኩን ታች ፎቶ ቢልኩልኝ ዓመታቸውን አንድ በአንድ አይቼ እነግርዎታለሁ። ፎቶውን በቀን ብርሃን መስኮት አጠገብ ያንሡት፤ ፍላሽ አይጠቀሙ፣ ቅቡ ላይ ያንጸባርቅና ጽሑፉን ያጠፋዋል።